አራት ነጥብ ስድስት በአሜሪካ ስንት ነው?

ልጄ ከትምህርት ቤት የመጀመሪያውን አራት ይዛ የመጣች ቀን ዶሮ ገዝተን ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ጄኔቭ አጠገብ ሜራን፣ አሁንም በምንኖርበት ፎቅ ላይ፣ ከሒሳብ ጎን በቀይ የተጻፈውን 4 ስታሳየኝ ከመሬት አንስቼ አቀፍኳት። ለእኔ አራት ማለት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። እኛ አዲስ አበባ ማትሪክ በተፈተንንበት ዘመን ውጤት በኤ፣ በቢ እና በሲ ተሰጥቶ ከአራት ይታሰብ ነበር። አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ይኮራበታል፤ እናቱን ሰው በመንገድ እያስቆመ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እናም ባለቤቴ ወጡን ሠራች፣ በላን፣ ልጅቷንም መረቅናት።

በሳምንቱ መምህሯ አስጠርታ ልጃችሁ ሒሳብ ላይ እርዳታ ያስፈልጋታል ብላ በትህትና ነገረችን። የስዊስ ነጥብ ለካ እስከ ስድስት ይሄዳል። አራት ማለት ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች ማለት ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ትራም ፌርማታው ላይ ስንቆም ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች።

«የዶሮውን ነገር ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ።

ይኸው ተናገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስድስቱን ለመድኩት። ልጃችንም አድጋ ኮሌጅ ገባች፤ ጄኔቭ ኮሌጅ የሚሉት ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አማካይ ነጥቧ አራት ተኩል ላይ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የሚያስመካ ባይሆንም የሚያሳፍር አልነበረም። እሷ ግን ልቧ ያለው ውኃ ውስጥ ነው። በልጅነቷ ሐኪሙ ለአስሟ ዋና ይበጃታል ብሎ ላካት፣ በዚያው ገንዳ ውስጥ ቀረች። በተለይ ሁለቱን ክንድ እንደ ክንፍ አንድ ላይ እየወረወሩ የሚዋኙት፣ ቢራቢሮ የሚባለው ዋና የሷ ሆነ። እኔ መዋኘት አልችልም። ሥራዬ ትራም መንዳት ነው፤ ከፈረቃ ስወጣ የደንብ ልብሴን ሳልቀይር ገንዳው ዳር ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ከውኃው ብቅ ስትል ፊቷ ላይ የማየውን ነገር በሪፖርት ካርዷ ላይ አይቼው አላውቅም።

ችግሩ የመጣው ዩኒቨርሲቲ ሲቃረብ ነው።

«አባዬ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ዋና ፊኒ ነው፣ አለቀ» አለችኝ አንድ ቀን ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች። «ወይ ይሄ ወይ ያ ይላሉ። አሜሪካ ግን ሁለቱንም አብረህ ታደርጋለህ። ትማራለህ፣ ለትምህርት ቤቱ ትዋኛለህ።»

ብዙም ሳይቆይ፣ ሎዛን በተደረገ ውድድር ላይ ያያት የአንድ አነስተኛ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጻፈላት። ሰዓቷን ወዶታል። ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ጠየቃት፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጂፒኤሽ ስንት ነው ይላል።

«ጂፒኤ ምንድን ነው?» አለች ከስልኳ ቀና ብላ።

ደስ አለኝ። ልጄ ስለ ትምህርት ጠይቃኝ እኔ የማውቀው ነገር ከተገኘ ቆይቷል። «አማካይ ነጥብሽ ነው» አልኳት። «እኛም አገር እንደዚያው ነበር የሚባለው።»

አራት ነጥብ ስድስት ብላ ላከች።

መልሱ በማግስቱ መጣ። እያነበበች ተረጎመችልን። አሰልጣኙ በጣም ተደስቷል። እንደዚህ የምትዋኝ፣ በዚያ ላይ ከአራት በላይ ጂፒኤ ያላት ተማሪ በየዓመቱ አትገኝም ይላል፤ የቃለ አጋኖው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። ባለቤቴ ቶኔ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ የዚያን ቀን ከሥራ ገብታ ገና ኮቷን አላወለቀችም።

«ሰውየው ለምን እንዲህ ጮኸ?» አለች።

እኔም ነገሩ ገርሞኝ ነበር። ከአራት በላይ የሚባል ነገር እኔ በማውቀው ዓለም የለም።

በዚያ ሳምንት እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የጉባኤያችንን አንዲት እህት አማከርኳት። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖራ ሦስት ልጆች እዚያ አስተምራለች፤ አሁን ጄኔቭ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የተከራየነውን አዳራሽ ወንበር እየደረደርን ነበር።

«አራት ነጥብ ስድስት?» አለች። «የስዊሱን ነው?»

«የስዊሱን።»

የያዘችውን ወንበር አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። «ወንድሜ፣ እሱ የገባው ሌላ ነው። እዚያ ኤ አራት ነው፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ፣ ኤፍ ባዶ። ተራው ጣሪያ አራት ነው። ነገር ግን ከባድ የሚባሉትን ክፍሎች የሚወስዱ ተማሪዎች ጉርሻ ይጨመርላቸዋል፤ እነሱ ከአራት ያልፋሉ። ሰውየው ልጅህን ከነዚያ አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል።»

«የኛስ አራት ነጥብ ስድስት እዚያ ስንት ይሆናል?»

«የሚመዝኑ ድርጅቶች አሉ፣ እነሱ ናቸው የሚወስኑት። ቢ አካባቢ ይመስለኛል።» ፊቴን አይታ ሳቀች። «ቢ እኮ መጥፎ አይደለም። ከዚያም ሌላ ፈተና አለ።»

ስለ ኤስኤቲ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አሜሪካ የክፍል ነጥብ የሚሰጠው መምህሩ ነው አለችኝ፤ የቤት ሥራው፣ ትንንሹ ፈተና፣ እጅ አውጥቶ መናገሩ ሳይቀር ይቆጠራል። አንዱ መምህር ቸር ነው፣ ሌላው ንፉግ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ፈተና አለ። የእንግሊዝኛ ንባብና ሰዋስው ለብቻ፣ ሒሳብ ለብቻ፤ እያንዳንዱ እስከ ስምንት መቶ፣ ድምሩ እስከ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቀዋል፣ አንዳንዱ ትቶታል።

«አንድም ጥያቄ ባይመልሱስ?» አልኳት።

«አራት መቶ ይሰጡሃል።»

«ለምኑ?»

«ለመምጣትህ!» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። «ደግሞ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ መተው ነው ሞኝነት። ካልተሳካም ደግሞ ትፈተናለህ።»

ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። እኔ ማትሪክ ወስጄ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ ላይ ሳልደርስ የቀረሁ ሰው ነኝ። በግል እንደገና መፈተን ይቻል ነበር፣ የሚፈተኑም ነበሩ። በእኛ ቤት ግን ውጤቱ የመጣ ዕለት አባቴ «በቃ፣ እግዜር ያለው ነው» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ቤት ገብቼ የሰማሁትን እራት ጠረጴዛው ላይ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ቀድማ ተናገረች።

«እኛ ምን ዋሸን? የጠየቀውን ነገርነው። የራሱን ስሌት እሱ ይወቀው።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ እኔ ሌላ ሰው ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው» አለች ልጄ።

«እዚያ ስትደርሺ ያይሻል፣ ስትዋኚም ያይሻል።»

«ስማርስ? በየቀኑ እንዳይነቃብኝ እየፈራሁ ልማር?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም ብንል ይሻላል ወደሚለው እያዘነበልኩ ነበር። አንድ በር ሲከፈት አይተህ ራስህ መልሰህ ልትገፋው ነው። ልጄ ግን የኛን ፈቃድ አልጠበቀችም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጽፋ ላከችው፤ የስዊስ ነጥብ ከስድስት ነው፣ የእኔ በእናንተ ቢ አካባቢ ይሆናል፣ ስላሳሳትኩህ ይቅርታ። ስልኳን አስቀምጣ ወደ ልምምድ ሄደች።

አሰልጣኙ ቀናት ፈጅቶ መለሰ። ባለቤቴ በዚያ መሀል ስንት ጊዜ «መጣ?» እንዳለች አልናገርም። ሲመጣ መልሱ አጭር ነበር፤ ቃለ አጋኖ የለውም። ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው አይነግረኝም ይላል። ቢ ይዛ የምትመጣ ዋናተኛ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ለነጻ የትምህርት ዕድሉ ከኤስኤቲ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ማምጣት አለባት።

ጄኔቭ የነበረው የፈተና ቦታ ሞልቶ ስለነበር በግንቦት ዙሪክ ተመዘገበች። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ከትምህርት ስትወጣ አብረን ባቡር ተሳፈርን። ከጄኔቭ የወጣ ሰው ዙሪክ ሲደርስ አገር የቀየረ ነው የሚመስለው። በፈረንሳይኛ ስኖር ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ዙሪክ ላይ ግን ለትኬት መሸጫው ማሽን እንኳ መልስ የለኝም። ልጄ በትምህርት ቤት ጀርመንኛዋ እየጠየቀች ቪዲኮን የሚባለው ሰፈር አደረሰችን፤ የባለቤቴ አክስት ቤት።

እትዬ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ፣ ብዙ ዓመት ሆስፒታል ሠርተው ጡረታ የወጡ የኦርቶዶክስ ሴት ናቸው። በሩን ሲከፍቱ የሥጋ ወጥ ሽታ ተቀበለን።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ሃምሳው ውስጥ ነን፣ ጾም የለም! ጴንጤ ሆነህ ረሳኸው?» አሉኝና ልጄን እጇን ይዘው አስገቧት።

ጠዋት ልትወጣ ስትል እትዬ በትንሽ ጠርሙስ ጸበል ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። እኔን አዩና ቆም አሉ። «እናንተ እንደማትወዱት አውቃለሁ፤ ልጅቷ ግን ፈተና ላይ ናት» አሉ።  ልጄ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ አዙራ ግንባሯን ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ ይርጩኝ። ላፕቶፑን ብቻ አያርጥቡብኝ።»

እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ፈተናው የሚሰጠው ሐይቁ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው፣ ፓስፖርታቸውን እያሳዩ ገቡ። እኔ ውጭ ያሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተቀመጥኩ። ሁሉም በየቋንቋው ይጸልይ ነበር መሰለኝ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ወጡ። ልጄ ወደ እኔ ስትመጣ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«እንዴት ነበር?»

«ቀላል ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ግራ ገባኝ። «ቀላል ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አባዬ፣ አልገባህም። ፈተናው ሁለት ሁለት ክፍል ነው። በመጀመሪያው ጥሩ ከሠራህ ሁለተኛው ይከብዳል። ካልሠራህ ቀላሉን ይሰጡሃል፤ በእሱ ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ አይገኝም። ሒሳቡ ከበደኝ፣ እሱ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛው...» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እንግሊዝኛው ሁለተኛው የሕፃን ነበር።»

ስቃይዋ እያሳዘነኝ ነገሩ ግን አስደነቀኝ። ጥያቄው ስለቀለለ የሚለቀስበት ፈተና በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ማጽናኛ ቃል ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ አባቴ ያለውን የሚመስል ሆነብኝና ተውኩት። ሐይቁን ይዘን ሄድን። ሰዎች ሣሩ ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ውኃው ውስጥ ግን ማንም የለም፤ ገና ብርድ ነው። ልጄ ቆመች።

«ዋና ልብሴን ከውስጥ ለብሻለሁ» አለች።

«ወደ ፈተና?»

«ሁሌ ነው የምለብሰው።»

ጫማዋን፣ ላፕቶፑን፣ ልብሷን ተራ በተራ አሸከመችኝና ገባች። ጥቂት ስትርቅ ሁለቱ ክንዶቿ አብረው ከውኃው ወጡ፣ ገቡ፣ ደግሞ ወጡ። ሣሩ ላይ የተኙት ቀና ብለው አዩአት። አንዲት ሴትዮ በጀርመንኛ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ደረቴን መታ አድርጌ «ልጄ» አልኳት በአማርኛ። ስትወጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር።

«መቼ ነው ቀጣዩ?» አለችኝ ጃኬቴን እየለበሰች።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ደረሰ። ሒሳብ ስድስት መቶ ሃያ፣ እንግሊዝኛ አራት መቶ ዘጠና፤ ድምር አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር። አርባ ጎደላት። ለአሰልጣኙ ስትጽፍለት አንድ የማናውቀው ነገር ነገራት፤ የእነሱ ዩኒቨርሲቲ ደጋግሞ ከተፈተነ ሰው ከየክፍሉ የተሻለውን ይወስድና ይደምራል። ሒሳቡን አስቀምጠሽዋል፣ እሱ ያንቺ ነው፤ አሁን እንግሊዝኛውን አምጪ አላት።

ያ ክረምት በረንዳችን ላይ አለፈ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስሆን ከሰዓት በኋላ አብሬያት እቀመጣለሁ። አጭር ጽሑፍ ታነብልኛለች፣ ከዚያ አራት አማራጭ። አንድ ቀን ጽሑፉ ስለ ንቦች ሆነና ልቤ ሞቀ፤ አጎቴ ንብ ያረባ ነበር። ስለ ንግሥቲቱ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ጭሱ አስረድቼ ሳበቃ ሐ ነው አልኩ።

«ስህተት» አለች።

«እንዴት ስህተት ይሆናል? እኔ በዓይኔ ያየሁትን!»

«አባዬ፣ አንተ የምታውቀውን አይደለም የሚጠይቁህ። ጽሑፉ ያለውን ብቻ። ጽሑፉ ካላለው የለም።»

እውነቷን ነው። ብዙ ጊዜ እሳሳት ነበር፣ እሷም እኔን ስታርም ነው መሰለኝ የገባት። «አየህ፣ እዚህ ጋ ተታለልክ» ስትል የራሷም ስህተት የት እንደሆነ ታያለች። ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ከውስጥ «ለ ነው!» ትላለች፤ አንዳንዴም ልክ ትሆናለች።

በጥቅምት ዙሪክ ብቻዋን ሄደች። እኔ የዚያን ቅዳሜ ፈረቃ ነበረኝ፤ እትዬ እስከ ትምህርት ቤቱ በር እንደሚሸኟት ቃል ገቡልኝ። ሜራን መጨረሻው ፌርማታ ላይ ለዕረፍት ስቆም ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ! ከበደኝ!» ትላለች እየጮኸች። «እንግሊዝኛው በጣም፣ በጣም ከበደኝ!»

«ተመስገን!» አልኩ። አጠገቤ የነበረ ባልደረባዬ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ልጄ ፈተናው ከበዳት ብዬ ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንዳዘነልኝ ገባኝ፣ ለማስረዳት ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ትራሙን መልሼ ማስነሳት ነበረብኝ።

እንግሊዝኛው አምስት መቶ ስልሳ ሆነ። ሒሳቡ ደግሞ ወርዶ ስድስት መቶ። ድሮ በማውቀው ሕግ ቢሆን ይህ መውረድ ከንቱ ያስቀረን ነበር። እነሱ ግን የግንቦቱን ሒሳብ ከጥቅምቱ እንግሊዝኛ ጋር ደመሩት፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ። ልጄ ውጤቱን ያየችው ትራም ውስጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ዘለልኩ አለችን። ባለቤቴ ተንበርክካ አመሰገነች፣ ከዚያ ተነስታ ለእትዬ ደወለች። እትዬ «ጸበሉ ነው!» አሉ፤ ባለቤቴም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረቻቸውም።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ሄደች። የመጀመሪያው ወር ቀላል አልነበረም። ኬሚስትሪ ሲ አገኘች፤ ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበረ። በሌላ ሳምንት ስትደውል ግን መምህሩ ቢሮ ሄዳ እንደጠየቀች፣ የተሳሳተችውን ሠርታ ብታመጣ ከፊሉን ነጥብ እንደሚመልስላት ነገረችን። «እዚህ ሂጂና ጠይቂ ነው የሚሉህ፤ ካልጠየቅህ ነው የሚገርማቸው» አለች።

በኅዳር የመጀመሪያ ውድድሯን ስልካችንን ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኝተን አየን። እዚያ ገና ከምሳ በፊት ነው፣ እኛ ጋ አመሻሹ። ውኃው ውስጥ ስትገባ ባለቤቴ ተነሳች፤ የመጨረሻው መመለሻ ላይ እኔም ተነስቼ እጮህ ነበር። ሦስተኛ ወጣች። ጩኸታችን ሳያበቃ በሩ ተንኳኳ። ከበላያችን የሚኖሩት ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ምሽት የሚያርፉበት ሰዓት ነው፣ ምን ተፈጠረ ብለው ተቆጥተው መጥተዋል።

ባለቤቴ ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም። እጃቸውን ይዛ ወደ ሳሎን አስገባቻቸው። ስክሪኑ ላይ ዋናተኞቹ ከውኃው እየወጡ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

«የትኛዋ ናት?» አሉ።